የይፋት ነገሥታት በአፈ ታሪክና በታሪክ መካከል

ከደብረ ሲና ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ከደጋ ወደ ቆላ የሚሸጋገረው ገና ካባውን ሳያወልቅ ነው። ገብሱና ባቄላው ከኋላው ይቀራል፤ ማሽላውና ማሾው ይቀበለዋል። ወንዞቹ ፊታቸውን ወደ አዋሽ አዙረው ይወርዳሉ። በዚህ ተዳፋት ላይ፣ በኮረብታ ጫፍና በቁጥቋጦ መካከል፣ ጣራቸው የወደቀ መስጊዶች፣ የከተማ ግድግዳዎችና ጽሕፈት የተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮች ይገኛሉ። ከነዚህም መካከል ኖራ፣ አስበሪና መሳል የተባሉት ፍርስራሾች በተመራማሪዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው።

እነዚህን ከተሞች የሠራ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ በአገሩ አፍ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ «አርላ ናቸው» የሚል ነው። በሐረርጌ በኩል ሐርላ ይሏቸዋል። እንደ ተረቱ ከሆነ አርላዎች ቁመታቸው እጅግ የረዘመ፣ ሀብታቸው የተትረፈረፈ ሕዝብ ነበሩ። ጥጋባቸው ከልክ ስላለፈ ፈጣሪ በድርቅና በነፋስ አጠፋቸው፤ ከነሱም የተረፈው ድንጋዩ ብቻ ነው ይባላል።

ይህ አጭር ጥናት የሚነሣው ከዚህ መልስ ነው። ዓላማችን በአፈ ታሪኩ ለማፌዝ አይደለም። የይፋት ነገሥታት ታሪክ እኛ ዘንድ የደረሰው ሦስት ልብስ ለብሶ ነው፤ እነሱም የሽማግሌ ተረት፣ የዘር ቈጠራና የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ናቸው። ሦስቱን እየለየን፣ ማን ለማን እንደ ተናገራቸው እየጠየቅን ካላነበብን፣ በዚህ አገር በእውነት የኖሩት ሰዎች ይጠፉብናል። ለማስረዳት የምንሞክረውም ይህንን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ሰጥተናል።

ሀ) ስለ ግዙፋኑ

ፍርስራሽን ለግዙፋንና ለጠፉ ጠቢባን መስጠት በይፋት ብቻ የታየ ነገር አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚቀራረበውን ምሳሌ የምናገኘው ከውቅያኖስ ማዶ በሜክሲኮ ነው። አዝቴኮች ከነሱ በፊት ስለ ነበሩት ስለ ቶልቴኮች ሲናገሩ ጥበብ ሁሉ ከነሱ እንደ መጣ፣ ከተማቸው ቶላንም በሀብት የሞላች እንደ ነበረች ይተርኩ ነበር። ንጉሣቸው ኬትሳልኮአትል በተቀናቃኙ በቴስካትሊፖካ ተንኰል ሰክሮ ክብሩን ካጣ በኋላ ወደ ምሥራቅ ተሰደደ ይሉ ነበር። ይህ ትረካ ለጨዋታ ብቻ የሚነገር አልነበረም። አዝቴኮች በ14ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ንጉሣቸውን አካማፒችትሊን ሲያነግሡ፣ የቶልቴክ ዘር ነን ከሚሉት ከኩልዋካን መኳንንት ጋር በደም የተዛመደውን ሰው መፈለጋቸው ዙፋኑ የቆየ መሠረት እንዲኖረው ነው። በ1941 የሜክሲኮ ሊቃውንት በጉባኤ ተሰብስበው የተረቱ ቶላን ዛሬ ቱላ የምትባለው ፍርስራሽ ናት የሚለውን አስተያየት አጸኑ። በቱላ ከ4 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው የድንጋይ ጦረኞች ቆመዋል፤ የቀረጿቸው ግን ቁመታቸው እንደኛ የሆነ ሰዎች ናቸው።

በዚያው በ1941 ዓመት ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ኢጣሊያዊ ሊቅ የሸዋን ሱልጣኖች ታሪክ የያዘ አጭር የዓረብኛ ጽሑፍ አሳተመ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግዙፍ የለም። ያለው ሰው፣ ጋብቻ፣ ግድያና ዓመት ነው። በ1063 ስለ ሞተች ባዲት ስለ ተባለች ንግሥት ይናገራል። መኽዙሚ ተብለው ስለሚጠሩት ሱልጣኖች እርስ በርስ መሻማት ይዘረዝራል። በመጨረሻም በ1285 የወላስማዕ ቤት ያንን መንግሥት ደምስሶ አገሩን እንደ ወሰደ ይገልጻል። ከተረቱ ጋር ሲያስተያዩት ድርቅና ነፋስ የነበሩበት ቦታ ላይ የጎረቤት ጦር ቆሞ ይገኛል።

ለ) ስለ ዘር ቈጠራው

የይፋትን መንግሥት ያቋቋመው ዑመር ወላስማዕ ነው። ከሱ በኋላ የተነሡት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በስሙ ወላስማዕ ተብለዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት የኖረው የግብፁ ጸሐፊ አል መቅሪዚ፣ በመካ ሳለ ከሰማው ተነሥቶ ስለ ሐበሻ እስላም ነገሥታት በጻፈው መጽሐፍ፣ ይህ ቤት ከሒጃዝ መጥቶ የሰፈረ የቁረይሽ ዘር ነው ይላል። ነገር ግን ወዲያው ቃሉን ሁለት ያደርገዋል፤ ከዐብደል ዳር ልጆች ናቸው ይባላል፤ ወይም ከሐሺም ወገን፣ ከአቢ ጧሊብ ልጅ ከዓቂል ይወርዳሉ ይባላል። ሌላ የዘር ሐረግ ደግሞ እስከ ዓሊ ልጅ እስከ ሐሰን ያደርሳቸዋል።

አንድ ቤት ሦስት የተለያዩ አባቶች ሊኖሩት አይችልም። ስለዚህ ብዙዎች ይህን የዘር ቈጠራ እንደ ከንቱ ነገር ያልፉታል። እኛ ግን ከዚህ ሌላ ትርጓሜ አለው እንላለን። በዚያ ዘመን ከይፋት በላይ ባለው ደጋ የነገሡት ነገሥታት ከሰሎሞን ዘር እንወርዳለን ይሉ ነበር። በቆላው የሚገዛ ሰው ከዚህ የሚተካከል ክብር ካላሳየ በእኩል ዐይን የሚታይ አይሆንም። ደጋው ወደ ኢየሩሳሌም ሲያመለክት ቆላው ወደ መካ አመለከተ። ሁለቱም ቤቶች አጠገባቸው ካለው መሬት ይልቅ የባሕር ማዶውን መረጡ። የዘር ቈጠራው አባታቸውን በእርግጥ ባይነግረንም፣ ማንን ለመምሰል እንደ ፈለጉና በማን ፊት እንደ ቆሙ በእርግጥ ይነግረናል። አካማፒችትሊም ከቶልቴኮች ጋር መዛመድ ያስፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሐ) ስለ ዜና መዋዕሉ

ሦስተኛው ልብስ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው። በ1332 ስለ ተደረገው ጦርነት በግዕዝ የተጻፈው ይህ መጽሐፍ በአገራችን የታሪክ ጽሑፎች መካከል ከፍ ያለ ቦታ አለው። በመጽሐፉ ውስጥ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን ንጉሡን አውርዶ በቦታው ለመቀመጥ፣ አገሩንም ለሹሞቹ ለማካፈል፣ በንጉሡ መዲና ጫት ለመትከል የሚዝት ሆኖ ይቀርባል። ዓምደ ጽዮን ደግሞ ታሞ አቅም አንሶት ሳለ ጠላት ሰፈሩን ሲከበው፣ ንግሥቶቹ እያለቀሱ አትውጣ ቢሉትም፣ ወጥቶ ጥቂት ሰዎች ይዞ ብዙዎችን ያሸንፋል።

ይህንን የሚያነብ ሰው ልቡ ይመታል። ጸሐፊውም የፈለገው ይህንኑ ነው። የሰብረዲን ዛቻ የተጻፈው በአሸናፊው ሰፈር መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ተሸናፊው በዚያ ሰዓት ምን እንዳለ ከራሱ አፍ አልሰማንም። ይሁን እንጂ ያው ዜና መዋዕል፣ ምናልባት ጸሐፊው ሳያስበው፣ ከድል ትረካው በታች ሌላ ነገር ይነግረናል። ንጉሡ ሰብረዲንን ከያዘ በኋላ የሾመው የራሱን ወንድም ጀማለዲንን ነው። ጀማለዲንም ጥቂት ሳይቆይ ሸፈተ፤ እሱም ተሽሮ ሌላ የዚያው ቤት ሰው ተሾመ። እንግዲህ ጦርነቱ በሁለት ሃይማኖቶች መካከል ብቻ የተደረገ ቢሆን ኖሮ ከአሸናፊው እጅ ሹመት የሚቀበል ወንድም ባልተገኘም ነበር።

መ) ስለ ቤተ ዘመዱ ሽሚያ

ይህን ሁኔታ የሚያብራራልን በ1349 የሞተው የዓረብ ጸሐፊ አል ዑመሪ ነው። በሱ ዘመን ከነበሩት ሰባት የእስላም ግዛቶች መካከል ይፋትን ያስቀድማል። ርዝመቷና ስፋቷ የ20 ቀንና የ15 ቀን መንገድ እንደ ሆነ፣ 15,000 ፈረሰኛና ከ20,000 በላይ እግረኛ እንደ ነበራት ይናገራል፤ ሸንኮራ አገዳ፣ ሙዝና ሎሚ እንደሚበቅልባትም አይዘነጋም። ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው ግን ስለ ሹመት የጻፈው ነው። ከነዚህ ገዥዎች አንዱ ሲሞት፣ ለሹመት የሚበቁት የቤቱ ሰዎች ሁሉ ገጸ በረከት ይዘው ወደ ሐበሻው ንጉሥ ይሄዳሉ፤ ንጉሡም ከነሱ የፈለገውን ይሾማል ይላል።

ክፉውም ደጉም የሚመነጨው ከዚህ ሥርዓት ነው። ሥልጣኑ የቤቱ ነው፤ ማን እንደሚይዘው የሚወስነው ግን ከቤቱ ውጭ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ወንድም ከወንድሙ፣ ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ለመገኘት ይሽቀዳደማል።

ይህም በሰብረዲን ልጅ በዓሊ ጊዜ ግልጥ ሆኖ ይታያል። አል መቅሪዚ እንደሚተርከው ዓሊ በዐፄ ሰይፈ አርዕድ ላይ ሸፍቶ ተያዘ። በቦታውም ልጁ አሕመድ ተሾመ። ይህ አሕመድ «ሐርብ አርዐድ» የሚል ቅጽል ነበረው፤ ስሙ ከንጉሡ ከሰይፈ አርዕድ ስም ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አንባቢ ይመልከት። ዓሊ ከእስር ተፈትቶ ወደ ሹመቱ በተመለሰ ጊዜ በንጉሡ ወገን የቆመውን ልጁንና የልጁን ልጆች ጠላቸው። ከነዚህ የተጠሉ የልጅ ልጆች አንዱ ሐቀዲን ነበር። ከሥልጣን ተገፍቶ በትምህርት ላይ አድሮ አደገ። በኋላ ሰው ሰብስቦ ተነሣ፤ አጎቱን ሞላ አስፋሕን በጦርነት ገደለው። ይፋት በገባ ጊዜ ግን አያቱን ዓሊን አልነካውም፤ በክብር ይዞ ከተማይቱን ለሱ ተወለት። ራሱ የአባቶቹን መቀመጫ ትቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዓደል ምድር ወርዶ አዲስ ከተማ አቋቋመ።

ይህ ውሳኔ የአገሩን ታሪክ ለወጠ። ሐቀዲን የሄደው ከይፋት ብቻ ርቆ አይደለም፤ ሹመት በገጸ በረከት ከሚገኝበት ሥርዓትም ርቆ ነው። በ1374 በጦር ሜዳ ሞተ። ወንድሙ ሰዕደዲን ተተካ፤ እሱም በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዘይላ ተገደለ። በዚያ ባሕር ያለችው ደሴት እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። ልጆቹ ወደ የመን ተሻግረው ተመልሰው የዓደልን መንግሥት አጸኑ። ይፋት ግን ከዚያ በኋላ የሱልጣን መቀመጫ አልሆነችም። ከተሞቿ ባዶ የቀሩበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከነፋስና ከድርቅ ይልቅ አንድ የተገፋ የልጅ ልጅ የወሰነውን ውሳኔ መመልከት ይገባዋል።

ሠ) ልብ ወለድ ለሚጽፉ

በዛሬው ጊዜ የጥንት ነገሥታትን አፈ ታሪክ ከምናብ ጋር አዋሕዶ መጻፍ በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል። ቶልቴኮችም የዚህ ዓይነት መጻሕፍት ባለ ታሪኮች ሆነዋል። ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮማ ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ዘመኑ ባልተለየ ጥንት የሚዋጉ ነገሥታትን የያዘ ነው፤ ለዚህ የድርሰት ዓይነት ስሙን የሰጠውም ይኸው መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ደራሲ ከይፋት ተረት አይቅዳ አንልም። የምንለው ግን ይህ ነው፤ አርላዎችን ብቻ ይዞ የሚጽፍ ሰው የተሻለውን ታሪክ ጥሎ ነው የሚሄደው። አያቱን ድል አድርጎ ከተማውን ለአያቱ ትቶ የሄደ ንጉሥ ከማናቸውም ግዙፍ ይበልጣል።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። ግንቡን የሠሩት የጠፉ ግዙፋን ናቸው ካልን፣ ዛሬ በስፍራው የሚኖረው ሕዝብ በገዛ አገሩ እንግዳ ይሆናል። እንደ ጎዜ ባሉ የአርጎባ መንደሮች ቤት በድንጋይ የመሥራት ልማድ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል፤ ግንበኞቹን ሩቅ ሄዶ መፈለግ ለምን ያስፈልጋል? ባለቤት የሌለው የሚመስል ድንጋይ ደግሞ ለአጥርና ለቤት መሠረት ቢነሣ የሚቈጭ ሰው አይኖርም።

የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከ2000ዎቹ ዓመታት ወዲህ እነዚህን ፍርስራሾች እየለኩ መዝግበዋል፤ የአውፋትን ከተማና የወላስማዕን የመቃብር ስፍራ የሚመለከት ሰፊ ጥናትም ወጥቷል። ስማቸው በመጻሕፍት ብቻ ይነበብ የነበሩት ሰዎች በዚህ ጥናት መቃብር ያላቸው ሰዎች ሆነዋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ የእኛ የተማሪዎቹ ነው። ለዕረፍት ወደ ቆላው የሚወርድ ተማሪ የሽማግሌዎቹን ተረት ተራኪው ማን እንደ ሆነ፣ በየትኛው መንደርና ስለ የትኛው ፍርስራሽ እንደ ተናገረ ለይቶ ይጻፍ። ተረቱንም አያርመው። አርላ የሚለው መልስ ድንጋዩን ማን እንደ ሠራው ባይነግረን፣ አገሩ ከተሞቹን ካጣ በኋላ ጥፋቱን ለልጆቹ እንዴት እንዳስረዳ ይነግረናል። ይህም ራሱ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን በስሙና በቦታው ሊቀመጥ ይገባዋል ብለን እናምናለን።