ስለ ሴባስቶፖል ጉዞና ስለ መንኰራኩር፤ በአሶሳ በሳንቃ ላይ የተደረገ ሙከራ

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝን እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ወደ ስድስት ወር ፈጀ። ይህን ያህል ክብደት ሊጓዝ የቻለው መንኰራኩር ስለ ተበጀለት ነው ይባላል፤ እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህንኑ በቃሌ አጥንቼ ፈተና አልፌበታለሁ። ነገሩ ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን የተረዳሁት ግን በአሶሳ ከተማሪዎች ጋር ሆኜ በእጃችን ስንሞክረው ነው።

በአሶሳ ሽመል እንደ ልብ ስለሚገኝ ለመሣሪያ ገንዘብ አላስፈለገም። ድንጋይ የሞላ ሣጥን በሳንቃ ላይ ሲጎተት አንዱ ተማሪ በሁለት እጁ ታገለ፤ ከሥሩ ድቡልቡል የሽመል ቁራጮች ስናስገባ ግን በአንድ ጣት ሳበው። ሲንከባለል ሳንቃውን የሚነካው የሽመሉ ወገን ለዚያች ቅጽበት የቆመ ነው ብላቸው አላመኑኝም። ስለዚህ በሽመሉ ላይ የከሰል ነጥብ አደረግን፤ ስናንከባልለው በሳንቃው ላይ ነጥብ በነጥብ አተመ፥ ስናንሸራትተው ግን ረጅም መስመር ጫረ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

ሳንቃውን ከአንድ ወገን ከፍ ባደረግነው መጠን ግን የሽመሉ ጥቅም እያነሰ ሄደ። በዳገት ላይ ትግሉ ከክብደቱ ከራሱ ጋር ነውና። አምስት ክንድ ተሂዶ አንድ ክንድ ከፍ በሚል ዳገት ላይ፥ ምንም ፍትጊያ ባይኖር እንኳ፥ ሴባስቶፖልን ለመያዝ 14 ኩንታል የማንጠልጠል ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ አሥር ክንድ ተሂዶ አንድ ክንድ ቢሆን 7 ኩንታል ይበቃል። ልዩነቱን የሚያመጣው መንገዱ እንጂ መንኰራኩሩ አይደለም። ንጉሡ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች መንገድ ሲጠረግ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ማንሣታቸው በከንቱ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

በቁልቁለት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ያ በአንድ ጣት የተሳበው ሣጥን አምልጦን ወርዶ የአንዱን ልጅ ጫማ መታ (ደግነቱ ጫማው ወፍራም ነበር)። ሽመሉ እንዳይዞር በገመድ ስናሥረው ግን እየተንሸራተተ በዝግታ ወረደ። በሜዳ ያደከመን ፍትጊያ እዚህ ልጓም ሆነ። ወደ በሽሎ ሲወረድም ከፊት ከሚጎትተው ይልቅ ከኋላ ገመድ ይዞ የሚመልሰው ሰው ሳይበልጥ አይቀርም።

ከተማሪዎቹ አንዱ መድፉን ለምን መቅደላው ላይ አላሠሩትም ብሎ ጠየቀኝ። ምድጃውና ባለሙያዎቹ ጋፋት ስለ ነበሩ ነው አልኩት፤ እርሱም ሣጥኑን ይዞ ወደ ሳንቃው ተመለሰ።