ጉልበት ሲከዳ፤ የፓርኪንሰን በሽታና የእግር ድካም ታሪክ

በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላና በዙሪያዋ ባሉት የአርሲ ደጋዎች ኑሮ በእግር የሚገፋ ነው። ገበሬው ከስንዴና ከገብስ ማሳው ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ቤቱ ሲመላለስ ዳገቱን ይወጣል፣ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የመሰለ ሯጭ የተገኘውም ከዚሁ ምድር ነው። እንዲህ ባለ አገር አንድ ሽማግሌ «ጉልበቴ ከዳኝ» ቢል ሰሚው ነገሩን ለእርጅና ይሰጠዋል። አማርኛ መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም «ጉልበት» ስለሚል፣ ሕመምተኛው የተናገረው ስለ አጥንቱ ይሁን ስለ አቅሙ ካልተጠየቀ በቀር አይለይም።

የአቅም ማነስ ጉዳይ በሕክምና ታሪክም ረጅም ክርክር አስነሥቷል። የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ዓ.ም. ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት ባሳተመው ድርሰት የስድስት ሰዎችን ሁኔታ ገለጸ፤ አንዳንዶቹንም ያያቸው በመንገድ ላይ ነበር። በበሽታው ትርጓሜ ውስጥ ከመንቀጥቀጥ ጋር የጡንቻ ኃይል መቀነስን አስገባ። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ግን በፓሪስ የሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ፣ የብዙ ሕመምተኞች ኃይል ደኅና መሆኑን ተመልክቶ «ሽባነት» የሚለውን ስም ነቀፈ። በሽታው በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ያሳሰበውም እርሱ ነው። ከዚህ በኋላ የሐኪሞች ዓይን በመንቀጥቀጥ፣ በመገተርና በእንቅስቃሴ መዘግየት ላይ ሲያተኩር፣ የድክመት ጉዳይ ወደ ጎን ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. ኦሌህ ሆርኒኪየቪች ከባልደረባው ጋር በሕመምተኞች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ማነሱን አስታወቀ፤ በ1967 ደግሞ ጆርጅ ኮትዝያስ ሌቮዶፓ በአፍ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ያለውን ጥቅም አሳየ። በ1990ዎቹ ኃይል በመሣሪያ ሲለካ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ እንደሚቀንስ፣ ሲወሰድ ደግሞ እንደሚሻሻል ታወቀ። ስለዚህ ፓርኪንሰንም ሻርኮም በየበኩላቸው እውነት ነበራቸው፤ ጡንቻው ራሱ ባይታመምም ከአንጎል የሚደርሰው ትእዛዝ ይዘገያል፣ ይዳከማልም። ሕመምተኛው ከበርጩማ መነሣትና ዳገት መውጣት የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው። ድካም ግን ከዚህ ይለያል፤ ያለ ሥራም ይመጣል፣ ለሌቮዶፓም ሁልጊዜ አይሸነፍም።

ከአርሲ ደጋ በስተ ምዕራብ፣ ከስምጥ ሸለቆው ማዶ በቡታጅራ አካባቢ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ቤት ለቤት ከ60,000 በላይ ሰዎችን አጥንተዋል። በ1990 የታተመው ውጤት የፓርኪንሰን በሽታ ከ100,000 ሰው በ7ቱ ላይ መገኘቱን ያሳያል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም በሽታው በብዛት የሚታየው በሽምግልና ሲሆን የአገሩ ሕዝብ አብዛኛው ወጣት ነው። በእርጅና ተሳቦ የታለፈ ሰውም ከእንዲህ ያለ ቆጠራ ሊያመልጥ ይችላል።

ከዚህ ታሪክ የአሰላም ሆነ የሌላው ደጋ ጤና ሠራተኛ የሚቀስመው ትምህርት አለ። «ጉልበቴ ከዳኝ» ያለ ሰው እርምጃው ካጠረ፣ አንደኛው ክንዱ በአካሄዱ መወዛወዙን ከተወ፣ ጣቶቹም በዕረፍት ጊዜ ከተንቀጠቀጡ፣ ለእርጅና ከመተው በፊት ይመርመር። መድኃኒቱ በሽታውን ባያድንም እንቅስቃሴን ይመልሳል፤ እግርን በልክ ማሠራትም ጡንቻው ሥራ በማጣት እንዳይከሳ ይረዳል።