ከቡታጅራ እስከ ካርቲየ 1፦ የሕክምና መጠይቅ ጉዞ

በአማርኛ የተዘጋጀ የሕክምና መጠይቅ አማርኛ ለሚናገር በሽተኛ ሁሉ ይሠራል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። የኢትዮጵያ ልምድ ግን ይህን አያረጋግጥም። ጉዳዩ ጅቡቲንም ይመለከታል፤ ከተማዋና አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በባቡር ተገናኝተው ሰውም ቋንቋም ሲመላለስ ኖሯል። ዛሬ በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 1 ሰፈር አማርኛ ተናጋሪው ከሶማልኛ፣ ከአፋርኛና ከዐረብኛ ተናጋሪው ጋር ጎን ለጎን ይኖራል። ለእሱ አዲስ አበባ ላይ የተፈተነ ወረቀት አምጥቶ መስጠት በቂ ነው ወይ ነው ጥያቄው። አይበቃም ባይ ነኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1970ዎቹ መጨረሻ የአእምሮ ሕመምን ለመለየት ባዘጋጀው መጠይቅ ውስጥ ‹አዎ› ወይም ‹አይደለም› ተብለው የሚመለሱ 20 ጥያቄዎች አሉ፤ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ የመሳሰሉት። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የሥነ አእምሮ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር ጤና ረዳቱ ጠይቆ የታመመውን ይለያል። ሆላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን ከባልደረባው ከቴን ሆርን ጋር በ1988 ባሳተመው ጥናት ግን ነጥቡን ከመደመር አልፎ ሁለት ነገር መረመረ፦ ኢትዮጵያዊው ተጠያቂ ጥያቄውን የተረዳው ጠያቂው እንዳሰበው ነው ወይ? እንዲህ ብሎ እንዲመልስስ ምን ገፋፋው? ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። ርዳታ ፈልጎ የመጣ ሰው ‹አዎ› ሲል ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ተስፋውንም ሊናገር ይችላልና።

ከሁሉ የሚያሳምነኝ ግን የኤዲንብራ መጠይቅ ነው። በ1987 በስኮትላንድ የወጣው ይህ የ10 ጥያቄ ወረቀት የወለዱ እናቶችን ድባቴ ለመለየት የታሰበ ሲሆን፣ እናቲቱ ራሷ አንብባ ከአራት አማራጭ አንዱን እንድትመርጥ የተሠራ ነው። ሻርሎት ሃንሎንና ባልደረቦቿ በ2008 ባወጡት ጥናት በቡታጅራ ገጠር ሲፈተን ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅቱ ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ በለጠው። በ2010 በወጣው የአዲስ አበባ ጥናት ግን ያው የኤዲንብራ መጠይቅ በጥሩ ሁኔታ ሠራ። አገሩ አንድ ነው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድም ወደ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ። ልዩነቱን የተርጓሚ ስሕተት ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። የትምህርት ደረጃ፣ ማንበብ የማትችል እናት አራት አማራጭ በጆሮ ሰምታ የመመዘን ልማዷ፣ ስለ ውስጥ ስሜት ለማያውቁት ሰው መናገር፣ እነዚህ ሁሉ መልሱ ውስጥ ይገባሉ።

ለምሳሌ የመዋጥ ችግርን የሚለይ መጠይቅ ወደ ካርቲየ 1 ቢመጣም የሚጠብቀው ይኸው ነው። በ2008 በአሜሪካ የታተመው ይህ መጠይቅም 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፣ ድምሩ 3ና ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራ ያስፈልጋል ይባላል። ግሪኮች በ2018 በነርቭ ሕመምና በአንገትና ራስ ካንሰር ሳቢያ መዋጥ በቸገራቸው ሕሙማን ላይ ፈትነው ነው የግሪክኛውን ቅጂ ያሳተሙት። ከአሥሩ ጥያቄዎች አንዱ ችግሩ ውጭ ወጥቶ ከመብላት ያግድ እንደሆነ ይጠይቃል። ለቀን ሠራተኛ ውጭ መብላት መዝናኛ ሳይሆን የዕለት ኑሮ ነው፤ ቢያስቸግረውም ይበላል፣ ‹አያግደኝም› ይላል። ሌላው ስለ ጠጣር ምግብ ነው፤ በወጥ የራሰ እንጀራ የት ይመደብ? በአንድ ገበታ የሚበላ ሰው ችግር ደግሞ ጉርሻ ሲመልስ፣ ከሌሎቹ ኋላ ሲቀር ነው የሚታየው፤ ይህን ወረቀቱ አይጠይቅም።

ተርጉሞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ማመሳከር ይበቃል የሚሉ አሉ። ማመሳከሩ ዓረፍተ ነገሩ መድረሱን ያሳያል፤ የበሽተኛውን ኑሮ ግን አያሳይም። ሌሎች ደግሞ በጀት በሌለበት ሐኪሙ በቃሉ ቢጠይቅ ይሻላል ይላሉ። የቃል ጥያቄም ያልተፈተነ መጠይቅ ነው፤ ከዚያም በላይ እያንዳንዱ ሐኪም በየራሱ መንገድ ይጠይቃል። ምግብ ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ የማያስሉ ሕሙማን አሉና፣ በጥያቄው ሳይለይ ያመለጠው ሰው በሳንባ ምች ሊመለስ ይችላል። ወጪው ደግሞ የሚፈራውን ያህል አይደለም፤ የመጀመሪያው እርምጃ ማሽን አይሻም። ከጥቂት ሕሙማን ጋር ተቀምጦ እያንዳንዱን ጥያቄ ማንበብ፣ ‹ምን ተረዱ? ለምን እንዲህ መለሱ?› ብሎ መጠየቅ፣ ያልሠራውን ቀይሮ እንደገና ማንበብ ነው።