ከኮርቻ ላይ የወደቀ ካዝና

አርሲ ሮቤን ከባሌ ሮቤ ጋር የሚያምታታ መንገደኛ ብዙ ነው። የዛሬው ነገራችን የአርሲዋን ይመለከታል፤ ከአሰላ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ገብስና ስንዴ በሞላበት ደጋ ላይ የምትገኘውን። ይህ አገር የፈረስ አገር ነው። ለገበያም፣ ለለቅሶም፣ ለሠርግም በፈረስ ሲኬድበት ኖሯል፤ በክፉ ቀንም ሰው መሣሪያውን ይዞ የሚወጣው በፈረሱ ነበር።

ፈረስና ሽጉጥ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ አንዲት ትንሽ የምትመስል ጥያቄ ትነሣለች። ጋላቢው በአንድ እጁ ልጓም፣ በሌላው ሽጉጥ ይዟል። ጥይቱ አልቆ የካዝናውን መልቀቂያ ሲጫን ካዝናው በራሱ ክብደት ዱብ ይበል? ወይስ ሌላኛው እጅ መጥቶ እስኪስበው ባለበት ይቆይ? ሽጉጥ ሠሪዎች በዚህ መከራከር ከጀመሩ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኔ ታሪኩን ስከታተል ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፦ ብረት የተረፈው ጦር ካዝናውን ለመሬት ይሰጣል፣ ብረት የቸገረው አጥብቆ ይይዛል።

የአርሲ ደጋ ከነፍጥ ጋር የተዋወቀው ካዝና ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ትውውቁም መራራ ነበር። ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. በአርሲ ላይ ደጋግመው ሲዘምቱ የሸዋ ጦር ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ ሬሚንግተን ነበር። ሬሚንግተን አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ቀለሃው ወጥቶ ሌላ ጥይት በእጅ ይገባለታል። እንዲህ የዘገየ መሣሪያም ቢሆን ጦርና ጋሻ ይዞ በፈረስ ለሚመጣ ሰው ከባድ ነው። ሮባ ቡታንና ሌንጂሶ ዲጋን የመሰሉ መሪዎች ያሰባሰቡት የአርሲ ሠራዊት ለዓመታት ተከላክሎ በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ አዙሌ ላይ በጥይት ረገፈ። ይህ ሐዘን በአርሲ ዛሬም አልተረሳም፤ ሊረሳም አይገባውም። ከዚያ በኋላ በደጋው ላይ ጥይት ያለው ገዢ፣ የሌለው ገባር ሆነ።

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ ያገለግል እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር ሰባትና ስምንት ጥይት የሚይዝ የተሠራ ብረት ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ የሚታሰብ አይደለም። ቀደም ብሎ የታወቀው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ደግሞ ጥይቱን የሚይዘው እዚያው በሚሽከረከረው ጎማው ውስጥ ስለሆነ የሚወድቅ ነገር አልነበረውም። ጥያቄው የመጣው በእጀታው ውስጥ ካዝና ከሚገባለት ሽጉጥ ጋር ነው።

ከእነዚህ መካከል ስመ ጥሩው የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው የጆን ብራውኒንግ ኮልት ነው። ሰባት ጎራሽ ነው፤ ከቃታው ኋላ በግራ በኩል ያለችው ቁልፍ በአውራ ጣት ስትነካ ካዝናው ወርዶ ይወድቃል። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ካዝናዎች ግርጌ ላይ ትንሽ ቀለበት ነበረች፤ ማሰሪያ ይገባባታል። ምክንያቷ ፈረሰኛው ነው። ከኮርቻ ላይ ካዝናው ቢያመልጠው በማሰሪያው ተንጠልጥሎ ይቆየዋል እንጂ በሣር ውስጥ አይጠፋበትም። ጥቂት ዓመታት አልፈው ካዝና በገፍ ሲመረት ቀለበቷ ቀረች። አሜሪካዊው ወታደር እንዲጥል የተፈቀደለት ፋብሪካው ከኋላው ስለነበረ ነው።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ያዘ። ጀርመኖች ለሉገር ሽጉጥ ሁለት ካዝና ሰጥተው የሽጉጡን ቁጥር በካዝናዎቹም ላይ ያትሙ ነበር፤ ወታደሩ ስለ እያንዳንዱ ተጠያቂ ነው። በወረራው ዓመታት የጣሊያን መኮንኖች ይዘውት የመጡት የ1934 ቤሬታ ደግሞ የካዝናው ማያዣ ከእጀታው ግርጌ ነው። በአንድ እጅ ማያዣውን ገፍቶ በሌላው መሳብ ግድ ይላል። የመጨረሻው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይዞ የሚያቆየው ራሱ ካዝናው ስለሆነ በዚያች ሰዓት ካዝናውን ማውጣት የበለጠ ይከብዳል። በአንድ እጁ ልጓም ለያዘ ሰው ይህ ፈተና ነው።

ኢትዮጵያውያን ሁለቱንም ትምህርት ቀምሰዋል። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት በአሜሪካ መሣሪያ ተዋጋ። ጋራንድ የሚባለው ስምንት ጎራሽ ጠመንጃ ጥይቶቹን አንድ ላይ የያዘችውን ቆርቆሮ ከመጨረሻው ተኩስ ጋር ራሱ አስፈንጥሮ ይጥላታል። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ይህን ዓይነት መሣሪያ ወደ አገር ውስጥ አበዛው። ሩብ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ ደርግ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲዞር ግን ሠራዊቱ ከሚጥለው ወደሚይዘው ተሸጋገረ። ክላሽንኮቭን የነካ ሁሉ ያውቀዋል፤ ካዝናው በራሱ አይወድቅም፣ ምላሱን ተጭኖ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ማውጣት ያስፈልጋል። ሶቪየቶች ራሳቸው ከቶካሬቭ ሽጉጥ የተማሩት ነገር ነበራቸው፤ የጎን ቁልፉ ሳይታሰብ ሲነካ ካዝናው ወድቆ ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ ላይ ባዋሉት በማካሮቭ ማያዣውን ወደ እጀታው ግርጌ አወረዱት። በአገራችን በመኮንንና በፖሊስ ወገብ ላይ ለብዙ ዘመን የታየው ያው ማካሮቭ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የብራውኒንግ ሃይፓወር ታሪክ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ለኢትዮጵያ ጠመንጃ የሸጠው የቤልጂጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው 13 ጎራሽ ሽጉጥ ነው። መጀመሪያ የጠየቀው የፈረንሳይ ጦር ካዝናው በወጣ ጊዜ ሽጉጡ እንዳይተኩስ ይደረግልኝ ብሎ ነበር። ይህን የሚያደርገው ትንሽ ብረት ከካዝናው ፊት ላይ ተደግፎ ስለሚቆም ካዝናውን ያሸዋል፤ ስለዚህ ቁልፉ ቢነካም ካዝናው ዱብ አይልም። ዒላማ ተኳሾች ይህን ብረት ሲያማርሩት ኖረዋል፤ ብዙዎችም አውጥተው ጥለውታል። ኋላም ፋብሪካው በካዝናው ግርጌ ገፍታሪ ስፕሪንግ ጨመረ። እኔ የምፈርደው ለመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ አንድ ሰከንድ አስከፍሎ ነፍስ የሚያድን ብረት ነውና።

በሮቤ አካባቢ የሐምሌ ጭቃ ላይ የወደቀ ካዝናም በቀላሉ ወደ ሥራ አይመለስም። ጥይቱን የሚይዙት የአፉ ከንፈሮች ቀጭን ቆርቆሮ ናቸው፤ ድንጋይ ላይ አርፈው ትንሽ ከተጣመሙ ቀጣዩ ጥይት ቀና ብሎ አይገባም፣ ሽጉጡም ይነክሳል። ጭቃ ከገባበት ስፕሪንጉ ይዘገያል። መለዋወጫ በሩቅ ለሚገኝበት አገር ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

በሥራ ላይ ላለ፣ ትርፍ ካዝና ለተሰጠውና በሚገባ ለሠለጠነ ፖሊስ ካዝናው ይውደቅለት፤ በአደጋ ሰዓት እጁ ነፃ መሆን አለበት። ቤቱን ለመጠበቅ ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጥ ለያዘ ሰው ግን የሚወድቅ ካዝና አንዳች ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም ያታልለዋል። ካዝናው መዳፉ ላይ ሲያርፍ ሽጉጡ ባዶ የሆነ ይመስለዋል። ኮልትም ማካሮቭም ካዝና ሳይኖራቸው የጎረሱትን አንድ ጥይት ይተኩሳሉ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ፈቃድ ለማውጣት የምትሰለፉ ሁሉ፣ በአሰላም ሆነ በሮቤ፣ ይህን ለልጆቻችሁና ለወንድሞቻችሁ ንገሩ፦ ካዝናውን ካወጣችሁ በኋላ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳቡ፣ ውስጡን በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አስቀምጡት።