አድራጊው የጠፋበት ዐረፍተ ነገር፦ ስለ ጽሕፈት ቤት አማርኛ ታሪካዊ ቅኝት

የጽሕፈት ቤት አማርኛ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንወቅሰው ቃላቱን ነው። ግዕዝ በዝቶበታል፣ የፈረንጅ ቃል ሰርጎበታል፣ ትርጉም ትርጉም ይላል እንላለን። ወቀሳው እውነትነት አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ይህ ቋንቋ የመጣበትን መንገድ በአጭሩ በመመልከት፣ ችግሩ ከቃላቱ ይልቅ በዐረፍተ ነገሩ አሠራር ላይ እንደሚከብድ ማሳየት ነው።

የመጀመሪያው ምንጭ ግዕዝ ነው። ለብዙ ዘመን የሕግ መሠረት ሆኖ የቆየው ፍትሐ ነገሥት በግዕዝ የተጻፈ በመሆኑ ባላገሩ ቃሉን የሚረዳው ሊቃውንት ሲተረጉሙለት ነበር። ይሁን እንጂ ሙግቱ ራሱ የሚካሄደው ተሟጋቾቹ በሚናገሩት ቋንቋ ነው። «በላ ልበልሃ» በሚባለው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ፊት ለፊት ቆመው ሲከራከሩ፣ ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ በግልጽ መነገር ነበረበት። የሕጉ መጽሐፍ ቢርቅም የክርክሩ አንደበት አድራጊውን አይሸሽግም ነበር።

ሁለተኛው ምንጭ የሕግ ትርጉም ነው። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መውጣት ጀመረ። ከዚያም በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጁ። የመጀመሪያውን ስዊሳዊው ዣን ግራቨን፣ ሁለተኛውን ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት በፈረንሳይኛ ነው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ብቻ 3367 አንቀጾች አሉት። ተርጓሚዎቹ አማርኛ ከዚያ በፊት በጽሑፍ ላላስተናገዳቸው ብዙ ጽንሰ ሐሳቦች ስም ማውጣት ነበረባቸው። «የሕግ ሰውነት»ን የመሳሰሉ አጠራሮች ዛሬ የፍርድ ቤት ዘወትራዊ ቋንቋ ሆነዋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ለሚወጡ ሕጎች የመጨረሻውን ሥልጣን ለአማርኛው ቅጂ ቢሰጥም፣ የቀድሞዎቹ ሕጎች አማርኛ ሲጨልምባቸው ወደ እንግሊዝኛውና ወደ ፈረንሳይኛው የሚመለከቱ የሕግ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ሦስተኛው ምንጭ አብዮቱ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሕዝቡ ከዚያ በፊት እምብዛም የማያውቀው «ደርግ» የተባለ የግዕዝ ቃል የመንግሥት መጠሪያ ሆነ። «ወዛደር»፣ «ንዑስ ከበርቴ»፣ «አድኃሪ» ተከትለው መጡ። እነዚህ ቃላት ከባድ ነበሩ፤ ነገር ግን በውይይት ክበብና በጋዜጣ ስለተብራሩ ሰው ለመዳቸው። የከባድ ቃል ጉዳት መጠነኛ ነው፤ መዝገበ ቃላት ይፈታዋል።

መዝገበ ቃላት የማይፈታው ሌላ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» የሚል ዐረፍተ ነገር ተዘወተረ። «እርምጃ» ሕፃን የሚያውቀው ቃል ነው፤ «ወሰደ»ም እንዲሁ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ግን የሚናገሩት ስለ ግድያ ነው። «ገደለው» ብንል ግሡ ራሱ ገዳዩን በውስጡ ይይዛል። «ተወሰደበት» በሚለው ተደራጊ ግሥ ውስጥ ግን «-በት» ተጎጂውን ሲያመለክት፣ የግሡ ባለቤት ሆኖ የሚቀመጠው እርምጃው ነው። ቤተ ሰብ የልጁን መሞት ይረዳል፤ ማን እንዳዘዘና ማን እንደ ተኮሰ ዐረፍተ ነገሩ አይነግረውም።

በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ማስረጃ አድርጎ ካቀረባቸው ነገሮች መካከል ራሱ የደርግ አስተዳደር የጻፋቸው ሰነዶች ይገኙበታል። ሥራው ከሰዋስው አንጻር ሲታይ ለተደራጊው ግሥ አድራጊውን መፈለግ ነበር። ለዚህም ፊርማውን፣ ማኅተሙንና ቃለ ጉባኤውን መመርመር አስፈልጎታል። በ1987 ዓ.ም. መሰማት የጀመረው የዋናዎቹ ባለሥልጣናት ጉዳይ የጥፋተኝነት ውሳኔ ያገኘው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ቢሆንም የዐረፍተ ነገሩ አሠራር አልተለወጠም። «ጉዳዩ በሚመለከተው ክፍል እየታየ ነው»፣ «ተገቢ ሆኖ ስላልተገኘ ተመልሷል» የሚሉ ደብዳቤዎች ውስጥ አንድም ከባድ ቃል የለም። ባለጉዳዩ ግን የትኛውን በር እንደሚያንኳኳና በማን ላይ ይግባኝ እንደሚል አያውቅም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን ልብ ወለድና ግጥም እንደሚመረምሩ ሁሉ የመዝገብ ቤት ደብዳቤዎችንም ለጥናታቸው ቢመርጡ፣ መነሻ ጥያቄያቸው ከእያንዳንዱ ግሥ ፊት «ማን?» ብሎ መጠየቅ ሊሆን ይችላል።