ቁጢ

ቁጢ (ስም)፦ ከቡና ቅጠል የሚፈላ መጠጥ፤ በሐረርና በአካባቢው የታወቀ።

«የቡና ቅጠል ሻይ» የሚሉት አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሻይ የራሱ ተክል አለው፤ በውሽውሽና በጉመሮ የሻይ እርሻዎች የሚለቀመው እሱ ነው። አፈላላቸውም ለየቅል ነው። የሻይ ቅጠል እሳት ላይ ከቆየ ይመራል፤ የፈላውን ውሃ አውርዶ፣ ቅጠሉን ጨምሮ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ከድኖ ማጥለል ይበቃል። ቁጢ ግን ችኮላ አይወድም፤ ደርቆ ምጣድ ላይ የታመሰው ቅጠል ቀለሙንም ጣዕሙንም የሚሰጠው በደንብ ሲንተከተክ ነው። ወተት ይገባበታል፤ ስኳር ወይም ጨው እንደየቤቱ። (እኔን ከጠየቃችሁ፣ ጨው።) ካፌይን አለው፣ ከፍሬው ግን ያነሰ። የቡናውን ገለባ አፍልቶ መጠጣትም እዚያው ሐረር አለ፤ እሱ ሌላ ነው፣ አታምታቱት።