የደጋ በረራ ሥልጠና

የደጋ በረራ ሥልጠና ከባሕር ጠለል በላይ እጅግ ከፍ ባሉ፣ በገደልና በተራራ በተከበቡ አካባቢዎች አውሮፕላን በደኅና ማንሳትን፣ ማብረርንና ማሳረፍን የሚያስተምር የአብራሪነት ትምህርት ዘርፍ ነው። በብዙ አገሮች መሠረታዊውን ሥልጠና ለጨረሰ ሰው በኋላ የሚሰጥ ኮርስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የሚጀመረው ከመጀመሪያው ቀን ነው። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ እዚያ የሚማር ጀማሪ መሬት ሲለቅ የሚያገኘው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው።

ይህ መጣጥፍ ትምህርቱን የሚያየው በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ መልክዓ ምድር ላይ ነው። አካባቢው የሥልጠና ጣቢያ አይደለም። ነገር ግን ለደጋ አብራሪ አስቸጋሪ የሚባለው ሁሉ፣ የሳሳ አየር፣ ጥልቅ ሸለቆ፣ ድንገት የሚቆም ተራራና ከሰዓት በኋላ የሚገነባ ደመና፣ በአንድ ላይ ተሰብስቦ የሚገኝበት ነው።

መልክዓ ምድሩ

የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም በ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአውሮፕላን ማረፊያዋ በዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር የኮድ ዝርዝር ውስጥ «ኤምኬኤስ» በሚል ምልክት ይታወቃል። በስተምዕራብ ወረዳውን ከጎጃም የሚለየው የዓባይ ሸለቆ አለ። በስተሰሜን ከሳይንት ወዲያ በሽሎ መሬቱን ሰንጥቆ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በስተምሥራቅ ምድሩ በለጋምቦ በኩል ከፍ እያለ ሄዶ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋው የአምባ ፈሪት ተራራ ላይ ይደርሳል። ከሜዳው ጠርዝ እስከ ዓባይ ወለል ያለው ቁልቁለት ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ይህን ወርዶ ለመውጣት ቀን ይፈጅበታል፤ አውሮፕላን ደግሞ በደቂቃዎች ያቋርጠዋል። ቀድሞ ካልታሰበበት ግን መውጫ የሚያሳጣው ይኸው መሬት ነው።

የሳሳ አየር ስሌት

አውሮፕላን በአየር ክብደት ይኖራል። ክንፉን የሚያነሳው፣ ውልብልቢቱ የሚገፋው፣ ሞተሩ ከነዳጅ ጋር የሚያቃጥለው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሦስቱም አብረው ይደክማሉ። ጀማሪ ሠልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚያስበው የሞተሩን ድካም ብቻ ሲሆን፣ አሠልጣኝ ደጋግሞ ማረም ያለበትም ይህንኑ ነው።

በመካነ ሰላም ከፍታ የአየር ግፊቱ በመደበኛው ሰንጠረዥ መሠረት 740 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። ቀኑ ሞቆ ቴርሞሜትሩ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያሳይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለሉ በ28 በመቶ ያህል ያንሳል። በዚያ ሰዓት አውሮፕላኑ የሚሠራው 3,350 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ነው፤ በአብራሪዎች አጠራር «የጥግግት ከፍታው» 3,350 ሜትር ነው። ማሳው፣ ቤቱና ማኮብኮቢያው ያው ናቸው፤ ሙቀቱ ብቻ አውሮፕላኑን 750 ሜትር ሽቅብ ወስዶታል።

ለሥልጠና በዓለም ዙሪያ የተለመደው ሴስና 172 በባሕር ጠለል ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ በደቂቃ 730 ጫማ ገደማ ይወጣል። በተጠቀሰው ቀን በመካነ ሰላም የሚቀረው አቅም በግምት 230 ጫማ፣ ማለትም 70 ሜትር ነው። አውሮፕላኑ በዚያ ደቂቃ ውስጥ ወደ 2.7 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚያተርፈው ከፍታ 26 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ከማኮብኮቢያው ጫፍ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ መቶ ሜትር ኮረብታ አይታለፍም ማለት ነው። ይህን ስሌት ሠልጣኙ ሞተር ከመቀስቀሱ በፊት በወረቀት ላይ ሠርቶ ማሳየት አለበት። ውጤቱ «አይበቃም» ካለ ነዳጅ ወይም ሰው ይቀነሳል፣ አለዚያም በረራው ለነገ ማለዳ ይተላለፋል። አየሩን የሚጨምቅ ተርቦ ያላቸው እንደ ዳይመንድ ዲኤ-40 ኤንጂ ያሉ አውሮፕላኖች ሞተራቸው ጉልበቱን እስከ ከፍተኛ ቦታ ይዞ ይቆያል። ክንፋቸው የሚያርፍበት አየር ግን ያው የሳሳው ነው።

ተርቦ በሌለው የቤንዚን ሞተር ላይ ሌላ የእጅ ሥራ ይጨመራል። ለባሕር ጠለል የተለካው የነዳጅ መጠን በደጋ አየር ላይ ሲበዛ ሞተሩ ይታፈናል። ስለዚህ ሠልጣኙ ከመነሳቱ በፊት የነዳጁን ቅይጥ ቀስ እያለ በማቅጠን ሞተሩ የተሻለ ዙር የሚሰጥበትን ነጥብ መፈለግ ይማራል። በቆላ የተማረ አብራሪ ደጋ ላይ መጀመሪያ የሚረሳው ይህችን ነው።

ዓይን የሚያታልልበት

በደጋ ላይ የአየር ፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥርና አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚጓዝበት ፍጥነት አንድ አይደሉም። በምሳሌያችን ቀን ልዩነቱ 18 በመቶ ያህል ነው። መለኪያው 65 ኖት ሲል አውሮፕላኑ ነፋስ በሌለበት ወደ መሬት የሚመጣው በ77 ኖት ነው። የማቆሚያው ርቀት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ካረፈ በኋላ የሚፈልገው ማኮብኮቢያ በ40 በመቶ ገደማ ይረዝማል።

ከርዝመቱ ይልቅ አደገኛው ግን ስሜቱ ነው። ሠልጣኙ በመስኮት ሲያይ መሬቱ ይበርበታል፤ «ፈጥኛለሁ» ብሎ ሳያውቀው አፍንጫውን ያነሳል። መለኪያው ይወርዳል፣ ክንፉ አየሩን ይለቃል፣ አውሮፕላኑ ይወድቃል። ስለዚህ የአሠልጣኙ ዋና ትእዛዝ «መለኪያውን እመን» የሚል ነው። የክንፍ አየር መልቀቅን፣ ማለትም ስቶልን፣ አስቀድሞ መለየትንና ከእርሱ መውጣትን በቂ ከፍታ ላይ ደጋግመው የሚለማመዱት ለዚህ ነው። የሠልጣኙ እጅ ከሐሳቡ ቀድሞ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ እስኪያደርግ ድረስ ይደጋገማል።

ተዳፋትም እንዲሁ ያታልላል። ሽቅብ ወደሚወጣ ማኮብኮቢያ የሚቀርብ አብራሪ ከፍ ያለ ስለሚመስለው ዝቅ ብሎ ይመጣል። በሸለቆ ውስጥ ወደ ላይ እየበረረ የሄደ ደግሞ የመሬቱን ሽቅብ መውጣት አያስተውለውም፤ ወለሉ ከአውሮፕላኑ ይልቅ ፈጥኖ እየተነሳ መሆኑን ሲረዳ ለመዞር ቦታ አይኖረውም። በ80 ኖትና በ30 ዲግሪ ዝንባሌ የሚዞር አውሮፕላን በባሕር ጠለል 300 ሜትር ያህል ራዲየስ ይበቃዋል። በዚህ ደጋ ላይ ከ400 ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ ተመልሶ ለመውጣት ከ800 ሜትር የሚበልጥ ስፋት ማለት ነው። የዓባይ ዋና ሸለቆ ይህን ይሰጣል። ወደ እርሱ የሚወርዱት ጠባብ ገባሮች ግን ብዙዎቹ አይሰጡም።

ከዚህ የተነሳ ጥቂት የማይታለፉ ልማዶች ይሰጣሉ። በሸለቆ መሐል ሳይሆን በአንዱ ጎን ተጠግቶ መብረር፣ መዞር ካስፈለገ ሙሉው ስፋት ከፊት እንዲኖር ነው። ተራራ ሲሻገሩ በቀጥታ ሳይሆን በ45 ዲግሪ ገደማ አግድም መቅረብ፣ ወደ ታች የሚደፍቅ ነፋስ ቢያጋጥም በትንሽ ዙር ለመሸሽ ነው። የሸለቆ ጫፍ ላይ ከደረሱ በኋላ ሳይሆን ከመግባታቸው በፊት የመውጫ ቦታን መምረጥም አለ። አምባ ፈሪትን በ2,000 ጫማ ርቀት በላዩ ለማለፍ የሚያስብ ሠልጣኝ 15,000 ጫማ ላይ መሆን አለበት፤ ይህ ለሴስና 172 ከአቅም በላይ ነው። በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ደንብም ከ13,000 ጫማ በላይ አብራሪዎች ሁልጊዜ ተጨማሪ ኦክስጅን ሊጠቀሙ ይገባል። ተራራውን መዞር እንጂ መዝለል የማይገባው ስለዚህ ነው።

አየሩና ሰዓቱ

ደቡብ ወሎ በበልግም በክረምትም ዝናብ ያገኛል። በሁለቱም ወቅት ማለዳው ብዙ ጊዜ የረጋ ሲሆን፣ ፀሐይ የሸለቆውን ግድግዳ ስታሞቅ አየሩ ሽቅብ መፍሰስ ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ተራራውን ይሸፍናል። ደመና የሸፈነው ተራራ ደግሞ ተራራነቱን አይተውም። ሙሉ በሙሉ የሚታዘዝ አውሮፕላን ሳያይ ከመሬት የሚጋጭበት አደጋ በዓለም የበረራ ታሪክ እጅግ ብዙ ሕይወት ከቀጠፉት መካከል ነው፤ በመሣሪያ ለመብረር ያልሠለጠነ ሰው ደመና ውስጥ ሲገባ የሚደርሰውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚለማመዱት መመለስን ነው። ማረፍን ትቶ እንደገና መነሳትም እንደ ሽንፈት ሳይሆን እንደ መደበኛ የበረራ ክፍል ይሠለጠናል።

በዚህ ደጋ ላይ ወፎችም ይታሰባሉ። ጥንብ አንሣዎች በገደል ጠርዝ በሚነሳው አየር ላይ ያንዣብባሉ፤ እርግቦችም በማረፊያ አካባቢ በመንጋ ይነሳሉ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በእርግብ መንጋ ተመትቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ሥራ አቆሙ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሞክረው ያለ ጎማ መሬት ላይ አሳረፉት። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ዛሬም ሞተር ሲጠፋ የሚደረገውን ልምምድ የሚያስተምር ሰው ይህን ቀን ቢያነሳ ተገቢ ነው።

የትምህርቱ ታሪክ

የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የደረሰችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን አብራሪዋ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበሩ። ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ፣ በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። በዚያው ሰሞን ትሪኒዳዳዊው ሁበርት ጁሊያን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ቀደም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አዲስ አበባ ላይ ከስክሶታል። ሙሉእመቤት እምሩ የበረራ ሥልጠና ከወሰዱት ቀደምት ኢትዮጵያውያን ሴቶች አንዷ ነበሩ፤ የጣሊያን ወረራ ትምህርታቸውን አቋረጠባቸው።

አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. መጥተው በጦርነቱ ዘመን የኢትዮጵያን አየር ኃይል መሩ። ከነጻነት በኋላም ተመልሰው ወጣቶችን አሠለጠኑ፤ በ1946 ዓ.ም. በደረሰባቸው የአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። በቢሾፍቱ የተደራጀውን አየር ኃይል የመሠረቱት ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በሳብ ሳፊር አውሮፕላኖች ብዙ ዕጩዎችን አስተማሩ። እኚሁ ሰው በ1966ቱ የረሃብ ዘመን መንገድ ወዳልደረሰባቸው ቦታዎች እህል ከትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ የመጣል ዘዴ ሞከሩ። በ1977ቱ ድርቅም የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች እህል ከመሬት በጥቂት ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ደጋ ላይ ጥለዋል። የዝቅታ በረራ ትምህርት ሕይወት የሚያድን መሆኑ እንዲህ ባሉ ሥራዎች ተፈትኗል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሜሪካው ቲደብልዩኤ ድጋፍ ሲመሠረት አብራሪዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 ዲሲ-3 በካፒቴንነት በማብረር የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የአየር መንገዱ ትምህርት ቤት የአፍሪካ አገሮችን ዕጩዎች ጭምር ያሠለጥናል። አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በጎንደር ወደ አክሱም በማብረር የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ፤ መንገዱ ራሱ የደጋ መንገድ ነው።

ፈቃድና ሰዓት

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ እንደሚለው ለግል አብራሪ ፈቃድ ዕድሜው 17 ሆኖ 40 የበረራ ሰዓት፣ ለንግድ አብራሪ 18 ዓመትና 200 ሰዓት ያስፈልጋል፤ በተፈቀደ ትምህርት ቤት የሚማር ሰዓቱ ይቀንስለታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ቁጥሩ ዝቅተኛ ደረጃ እንጂ የብቃት ማረጋገጫ አይደለም። ደግ አሠልጣኝ ሠልጣኙን ብቻውን የሚለቀው ሰዓቱ ስለሞላ ሳይሆን «ዛሬ አልበርም» ሊል መቻሉን ካየ በኋላ ነው።

ኮክፒትና ይሉኝታ

እ.ኤ.አ. በ1977 ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ጃምቦዎች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የአንዱ አውሮፕላን የበረራ መሐንዲስ ሌላው ማኮብኮቢያው ላይ እንዳለ ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር፤ ካፒቴኑ አልፎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ የአብራሪዎች የቡድን ሥራ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። ለኢትዮጵያ ሠልጣኝ ይህ ትምህርት ልዩ ክብደት አለው። ታላቅን ማክበር፣ አንቱ ማለት፣ መምህርን በሰው ፊት አለማረም ከቤት የመጣ ጨዋነት ነው። አውሮፕላን ውስጥ ግን ታናሹ የሚያየውን ቶሎና በግልጽ መናገር አለበት፤ ካፒቴኑም መስማት። ስለዚህ ቃላቱ አስቀድመው ይለማመዳሉ፦ «ካፒቴን፣ ከፍታችን አይበቃም»፣ ቀጥሎ «እንመለስ»፣ ካልተሰማ መሪውን መያዝ። እንዲህ የተዘጋጀ ቃል አክብሮትንም አያጎድልም፤ ለፍርሃት ግን ቦታ አይተውም።

በኮክፒት ውስጥ መነጋገር ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሠልጣኝ የሚማረው የሚነገረውን ብቻ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ በቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ 157 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ማንም አልተረፈም። ኤምካስ የተባለው አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት በተሳሳተ የአንድ ዳሳሽ መረጃ ተቀስቅሶ ነበር። አምራቹ ቀድሞ ከአሮጌው 737 የሚሸጋገሩ አብራሪዎች የሲሙሌተር ሥልጠና እንደማያስፈልጋቸው አስታውቆ ነበር። ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ የበረራ ተቆጣጣሪ አውሮፕላኑ ወደ ሥራ የሚመለሰው አብራሪዎቹ በሲሙሌተር ከተለማመዱ በኋላ እንዲሆን አዘዘ።